ደብዳቤ ለልጄ፦ ደብተሩን አታስረክብ

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ትናንት አክስትህ ደውላልኝ ነበር። ጤናህም ትምህርትህም ደህና እንደሆነ ነገረችኝና ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን መምህርህ «የምትወዱትን ነገር ምረጡና የዓመቱን ፕሮጀክት ሥሩበት» እንዳሉ፣ አንተም የወፎቹን ደብተር እንደመረጥክ አወራችኝ። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ራት ላይ «ስንት ገጽ ቢሆን ይበቃል?» ብለህ ጠየቅካት አሉ።

አንተ እኮ የወፍ ገጽ ቆጥረህ አታውቅም። ጭልፊቷን የሣልክ ማታ ክንፏ አልመጣልህ ብሎ፣ ላጲሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ስታጠፋና ስትሥል እናትህ መብራት አጥፋ ብላ ስትጮህ አልሰማሃትም። ከሥዕሉ ሥር «የጅራቷ ጫፍ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ ነገ በደንብ አያለሁ» ብለህ ጻፍክ። ነገ እይ ብሎ ያዘዘህ ሰው አልነበረም። «ስንት ገጽ ይበቃል» ግን ቶሎ መገላገል የሚፈልግ ሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሳይረፍድ ልንገርህ፦ ደብተሩን አታስረክብ።

አጎትህን የምታውቀው አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሰው የሚያስጠራ አድርገህ ነው። እኔ የማውቀው ወንድሜ እንዲያ አልነበረም። ልጆች ሳለን የጎረቤቱ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። አልጋው ሥር ብሎንና ሽቦ የሞላበት ካርቶን ነበረው። የተበጠሰ ሽቦ ሲበይድ ትንፋሹን ይይዛል፤ ድምፁ ሲመጣለት ደግሞ ሬዲዮውን ትቶ ዞር ብሎ የእኔን ፊት ያያል። ሙያ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚወደውን ሊማር ነው ብለን ቤቱ ሁሉ ፈነደቀ። እዚያ ግን እያንዳንዱ ሬዲዮ ሪፖርት ሆነበት። ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ። በታዘዘው ቅደም ተከተል ካልፈታው ነጥብ ይቀነስበታል፤ እሱ ደግሞ ጆሮውን ለጥፎ ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ ልጅ ነበር። አልወደቀም፤ እንዲያውም ከክፍሉ የላቀ ውጤት ነበረው። ካርቶኑ ግን ከአልጋው ሥር ሳይወጣ ቀረ። አንድ ቀን የቤታችን ሬዲዮ ድምፁ ጠፋና አባታችን ጠራው። «ሠሪ ጋ ውሰዱት» አለ። አባታችን መልስ አልሰጠም፤ ሠሪው እሱ ነበራ! ያቺን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። ያን ካርቶን ማን እንደጣለው እንኳ የሚያውቅ የለም።

ይህ የአጎትህ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን፣ በባለቀለም ማርከር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጠኑ። አንዳንዶቹ ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ ተባሉ። ሌሎቹ ሳይነገራቸው ከሣሉ በኋላ ተሸለሙ፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከቀናት በኋላ ማርከሮቹ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ሲቀመጡላቸው፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች የሣሉበት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ልብ በል፣ ሳይጠብቁ የተሸለሙት ፍላጎታቸው አልቀነሰም። የሚጎዳው አስቀድሞ «ይህን የምሠራው ለዚያ ነው» ማለት ነው።

ትምህርት ፍቅር ይገድላል እያልኩህ ግን አይደለም። እህትህ ለከዋክብት ደንታ አልነበራትም፤ የክፍል ሥራ ታዝዛ ነው የጀመረችው፣ አሁን ከመስኮት አትነሳም። ባዶ ቦታ ላይ ትምህርት ቤት ፍላጎት ሊተክል ይችላል። ያንተ ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። ለዚህ ነው ደብተሩን አታስረክብ የምልህ።

ፕሮጀክቱን ሥራው፤ ስንፍናን እየፈቀድኩልህ እንዳይመስልህ! ጀምረህ መተው አባትህ ቤት የለም። ለፕሮጀክቱ ሌላ አዲስ ደብተር ግዛ። ከወፎቹም አንድ ጥያቄ ብቻ ውሰድ፤ ለምሳሌ ጠዋት ቀድማ የምትጮኸው የትኛዋ ናት የሚለውን። ለእሱ ሰንጠረዥህን ሥራ፣ ገጽህንም ቁጠር። አሮጌውን ደብተር ማንም አያርመው። ፎቶ አንስተህም አታያይዘው።

መምህርህንም በትሕትና አነጋግራቸው። መጀመሪያ አስተያየታቸውን ብቻ እንዲጽፉልህ፣ ነጥቡን በኋላ እንዲሰጡህ ለምናቸው። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች ለሥራው ያላቸው ፍላጎት አልቀነሰም፤ ነጥብ የተሰጣቸው፣ ነጥብና አስተያየት በአንድ ላይ የተሰጣቸውም ጭምር፣ በአብዛኛው ፍላጎታቸው ቀዝቅዟል። ነጥብ ካለ ዓይን የሚሄደው ወደ ነጥቡ ነው። እምቢ ካሉህ አትከራከራቸው፤ ወረቀቱ ሲመለስልህ ነጥቡን በእጅህ ሸፍነህ አስተያየቱን አስቀድመህ አንብብ።

የመነጽርህ እጀታ መላላቱንም አክስትህ ነግራኛለች። ነገውኑ አሠራው፤ በፕላስተር አትጠቅልለው። ማታ ማታም አታምሽ።

ቅዳሜ ስትወጣ የፕሮጀክቱን ደብተር ቤት ተወው። ምንም ካላየህም ምንም አትጻፍ፤ ባዶ እጅህን ብትመለስ የሚቆጣህ የለም። የወደድከውን ነገር ማንም ሳያዝህ ስትሠራ ማየት ለእኔና ለእናትህ ከየትኛውም ውጤት ይበልጥብናል፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ።

የፕሮጀክቱ ርዕስ የሚመዘገበው ሐሙስ ነው አሉ። ከዚያ በፊት መምህርህን አነጋግረህ ያሉህን ጻፍልኝ። ደብተሩን ግን አታስረክብ።

የሚወድህ አባትህ