በኢሜይል ላይ የላኪው ስም ማስረጃ አይሆንም

ክቡር አዘጋጅ፣

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» በሚል ሐሰተኛ ኢሜይል ገንዘባቸውን ስለሚያጡበት ሁኔታ ጋዜጣችሁ ያወጣውን ዘገባ በጥሞና አነበብሁት። ጉዳዩን ለአደባባይ ማብቃታችሁ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ዘገባው የሁሉንም መነሻ «ኢሜይሉ ተጠልፎ ነው» በሚል ስለደመደመው፣ አንባቢ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ነገሩን እንዳይተወው እሰጋለሁ። የኢሜይል ሰርቨር (ደብዳቤ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) በማስተዳደር ሥራ ላይ ያለሁ እንደመሆኔ፣ እንዲህ ያለ ማጭበርበር የማንንም ሳጥን ሳይከፍቱ ሊፈጸም እንደሚችል፣ መከላከያውም በአመዛኙ በራሳቸው በመሥሪያ ቤቶችና በድርጅቶች እጅ እንዳለ ማስረዳት እወዳለሁ።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ ኤስኤምቲፒ ይባላል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በ1982 ሰነዱን ሲያወጣ መረቡ ያገናኝ የነበረው ጥቂት መቶ ኮምፒውተሮችን፣ ያውም በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋማትን ስለነበር፣ ላኪው ማንነቱን በእውነት መናገሩን የሚያጣራ አንቀጽ አልገባበትም። ዛሬም ሁለት ሰርቨሮች ሲገናኙ ንግግራቸው በመሠረቱ ያው ነው። የላኪው ሰርቨር የተቀባዩን ዶሜይን (በአድራሻው ላይ ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ስም) ኤምኤክስ ሪከርድ የተባለ መዝገብ ከዲኤንኤስ፣ ማለትም ከኢንተርኔቱ የስም ማውጫ፣ ጠይቆ ደብዳቤውን የሚረከበው ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ በፖርት 25 (ለኢሜይል በተመደበው የመገናኛ በር) ይገናኝና ራሱን ያስተዋውቃል፤ ላኪው እገሌ ነው፣ ተቀባዩም እገሌ ነው ይላል፤ ተቀባዩ ሰርቨርም በየመሐሉ 250 በሚል ቁጥር እሺታውን ይመልሳል። በመጨረሻ የደብዳቤው ጽሑፍ ይላካል፤ የማብቂያው ምልክት በአንድ መስመር ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ነጥብ ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ሰርቨሮቹ የተነጋገሩበት የላኪ አድራሻ በፖስታው ጀርባ ላይ እንደተጻፈው ሲሆን፣ እኛ በስልካችን «ከ» በሚለው ስፍራ የምናነበው ግን በውስጡ ባለው ወረቀት አናት ላይ የሰፈረውን ነው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ ደንቡ አያስገድድም። በዚህም ምክንያት አንድ አጭበርባሪ ከተከራየው ርካሽ ሰርቨር ላይ ሆኖ፣ ጓንዡ ባለ አቅራቢ ስም፣ የአቅራቢውን ትክክለኛ አድራሻ አንዲት ፊደል ሳያጓድል ጽፎ ሊልክ ይችላል። የአቅራቢውን ሳጥን የነካው የለም።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሦስት ነገሮች ተጨምረዋል። ኤስፒኤፍ የዶሜይኑ ባለቤት «በስሜ እንዲልኩ የፈቀድሁላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ብሎ በዲኤንኤስ ላይ የሚያኖረው ዝርዝር ነው። ዲኪም ላኪው ሰርቨር በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የሚያሳርፈው ዲጂታል ፊርማ ሲሆን፣ ፊርማው የሚመሳከርበት ቁልፍም እዚያው ዲኤንኤስ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ ኤስፒኤፍ አንባቢ የሚያየውን ስም አይመረምርም፣ ደብዳቤው በሌላ ሰርቨር በኩል ፎርዋርድ ሲደረግም ይሰናከላል። ነገሩን የቋጨው ሰነዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዲማርክ ነው። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ እንዲያልፍ፣ ያለፈውም ዶሜይን አንባቢ ከሚያየው ጋር እንዲገጥም ይጠይቃል፤ ሳይገጥም ሲቀር ተቀባዩ ሰርቨር ምን እንዲያደርግ የዶሜይኑ ባለቤት አስቀድሞ ያዛል። ትእዛዙም ዝም ብለህ አሳልፍ፣ ወደ ስፓም ወርውር፣ ወይም ከነአካቴው አትቀበል የሚል ነው።

ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደብዳቤ በብዛት የሚልኩ ሁሉ ዲማርክ እንዲኖራቸው ማስገደዳቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ «ዝም ብለህ አሳልፍ» የሚለውም ግዴታውን ስለሚያሟላ፣ ያንኑ ጽፎ መርሳት ልማድ እየሆነ ነው። ይህ ትእዛዝ ለመነሻ ተገቢ ነው። በድርጅቱ ስም የትኞቹ ሰርቨሮች እንደላኩ የሚያሳይ ሪፖርት ከተቀባዮች ዘንድ በየዕለቱ ይመጣልና፣ ማንም ያላስታወሰው ሁሉ በዚያ ይገለጣል፤ ደረሰኝ የሚልከው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ኮሪደር ላይ የቆመው ስካነር፣ የማስታወቂያ ክፍሉ የተዋዋለው የውጭ አገልግሎት። እነዚህ በወጉ ሳይመዘገቡ ወደ «አትቀበል» የተቸኮለ እንደሆነ የድርጅቱ የራሱ ደብዳቤዎች ይመለሳሉ። ተመዝግበው ካበቁ በኋላ ግን «ዝም ብለህ አሳልፍ» በሚለው ላይ መቆየት ስምን ለማንም ክፍት አድርጎ መተው ነው። ሥራው በዲኤንኤስ ላይ ጥቂት መስመሮች መጻፍን እንጂ የሚገዛ ዕቃ አይጠይቅም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በጋዜጦች የጨረታ ገጾች ላይ የማየው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ይሰጣሉ። ተመሳሳይ ስም ያለው የጂሜይል አድራሻ ማንም በደቂቃዎች ውስጥ መክፈት ይችላል፤ ከዚያ የተላከው ደብዳቤም ሦስቱንም ምርመራ ያለ እንከን ያልፋል፣ በእርግጥ ከጂሜይል የመጣ ነውና። ተጫራቹ የሚለይበት ምንም ምልክት አይኖረውም። የራሱ ዶሜይን ያለው መሥሪያ ቤት እሱን ትቶ በነፃ አድራሻ ሕዝብን የሚያነጋግርበት ምክንያት አይታየኝም።

እርግጥ ነው፣ የአቅራቢው ሳጥን በእውነት ተከፍቶ ከሆነ፣ ወይም አጭበርባሪው «ኤም» የሚለውን የላቲን ፊደል በ«አር» እና በ«ኤን» ተክቶ ለዓይን የሚመስል ዶሜይን ካስመዘገበ፣ ዲማርክ አያድንም። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርስ፣ በደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ ወደሚታወቀው ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባንኮችም የቲቲ ክፍያ (በባንክ ወደ ውጭ የሚተላለፍ ገንዘብ) ሲፈጽሙ የሒሳብ ቁጥሩ በፊተኛው ፕሮፎርማ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ደንበኛውን ቢጠይቁ ብዙ ገንዘብ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

በቀጣይ ዘገባችሁ ነጋዴው ራሱ ሊያየው የሚችለውን በሥዕል ብታሳዩ መልካም ነው። ጂሜይልን በኮምፒውተር የከፈተ ሰው ከደብዳቤው በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ ዋናውን ጽሑፍ አሳይ የሚለውን ቢመርጥ፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ማለፍ አለማለፋቸው ከላይ ይታየዋል። ከአቅራቢው በመጣ የቆየ ደብዳቤ ላይ ሦስቱም አልፈው፣ የሒሳብ ለውጡን በሚናገረው ላይ አንዱ እንኳ ቢወድቅ፣ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ስልክ ይደውል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ከአዲስ አበባ