የሰብል ጂኖም ሲነበብ ተዘዋዋሪ ጂኖች አይዘለሉ

ለሰብል ዝርያዎች ምርምር በጀት ለሚያጸድቁ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የጂኖም ንባብ ሥራ የሚለካበት መንገድ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በጂን ባንክ የተቀመጡ ዘሮች ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤያቸው፣ እንዲነበብ ገንዘብ መመደቡ እሰየው የሚያስብል ነው። ቅሬታዬ ከመለኪያው ጋር ነው። "ስንት ናሙና ተነበበ?" ብቻ ከተባለ ተመራማሪው ርካሹን መንገድ ይመርጣል። ምን ያድርግ? በዚያ መንገድ ዲኤንኤው የሚነበበው 150 ፊደል ገደማ በሆኑ ቁርጥራጮች ነው። ተዘዋዋሪ ጂኖች፣ ማለትም በጂኖም ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ የዲኤንኤ ክፍሎች፣ ግን ብዙዎቹ ሺዎች ፊደል ይረዝማሉ፤ ተመሳሳይ ቅጂዎቻቸውም በየቦታው ተበትነዋል። አጭሩ ቁራጭ ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከትንተናው ይወጣል።

የሚወጣው ደግሞ ትንሽ አይደለም። የበቆሎ ጂኖም 85 በመቶ ገደማው ከእነዚሁ ተዘዋዋሪዎች የመጣ ነው። ሳይንቲስቷ ባርባራ ማክሊንቶክ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያገኘቻቸውም የበቆሎ ፍሬን ዝንጉርጉር ቀለም ስትከታተል ነው። የኖቤል ሽልማቷ የመጣው በ1983 ስለሆነ፣ ሳይንሱም ቢሆን ቶሎ ገብቶታል አይባልም።

የበቆሎ የዱር ዘመድ ቴኦሲንቴ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። በቆሎ ግን ባብዛኛው አንድ አገዳ ነው። ለዚህ ልዩነት ትልቅ ድርሻ ያለው ቲቢ1 የሚባል ጂን ነው። ታዲያ ለውጡ የመጣው ከጂኑ ውስጥ አይደለም። ሆፕስኮች የተባለ ተዘዋዋሪ ከጂኑ 60 ሺህ ፊደል ገደማ ርቆ ገባ፤ ጂኑ ይበልጥ እንዲሠራ አደረገ፤ ቅርንጫፉም ቀነሰ። ጂኖችን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን በፍጹም አያገኘውም። ደግሞ ሆፕስኮች የገባው ሰው በቆሎን ከማላመዱ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። በዱሩ ተክል ውስጥ መራጭ እስኪመጣለት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በጂን ባንኮች ያሉ የዱር ዘሮች ምን እንደያዙ ማን አይቶ?

የወይን ፍሬ ነጭ መሆን፣ የአንዳንድ ብርቱካን ውስጡ ደም መምሰል፣ ሁለቱም የተዘዋዋሪዎች ሥራ ናቸው። ኪሳራም ያመጣሉ። በቲሹ ካልቸር (ከትንሽ የተክል ቁራጭ በቤተ ሙከራ) የተባዙ የዘይት ፓልም ተክሎች አንዳንዶቹ ፍሬያቸው የተበላሸ ይሆናል። ምክንያቱ ካርማ የተባለ ተዘዋዋሪ፣ እሱን አፍኖ የያዘውን ዲኤንኤው ላይ ያለ ኬሚካላዊ ምልክት ማጣቱ ነው። የዲኤንኤው ፊደል ግን ያው ነው።

ሁሉም ናሙና በረጅም ንባብ፣ ማለትም ሺዎች ፊደል በሚረዝሙ ቁርጥራጮች፣ ይነበብ አልልም፤ ውድ ነው። ከየሰብሉና ከዱር ዘመዶቹ የተመረጡ ጥቂቶች ግን ይነበቡ፤ ቴክኖሎጂው ኬሚካላዊ ምልክቱንም አብሮ ያነባል። ሌሎቹ ከእነሱ ጋር ይነጻጸሩ፤ ጥሬ መረጃቸውም አይሰረዝ። ተዘዋዋሪዎቹ የገቡበት ቦታ በሪፖርቱ እንዲካተት የሚያስገድድ አንቀጽ በሚቀጥለው የበጀት መመሪያ ውስጥ ይግባልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር