የማንነት ጥናቱን ማን ያጥና?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጎንደር ላይ የማንነት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ቋንቋ ላይ ይቆማል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39(5) ግን አንድ ማኅበረሰብ ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ ለመባል ባህልን፣ የጋራ ህልውና አለን ብሎ ማመንን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና የተያያዘ መልክዓ ምድርንም ይጠይቃል። የጎንደሩ የቅማንት ሕዝብ በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ለብቻው ተመዝግቦ በ1999ኙ መለያው ቀረ። የቆጠራው መጠይቅ ላይ የራሱ መለያ ኮድ የሌለው ሕዝብ «ሌሎች» ውስጥ ይገባል፤ ኋላ ያው ቁጥር ማስረጃ ተብሎ ይቀርባል (ማን ይከራከረዋል?)።

በአውሮፓ ምክር ቤት የአናሳዎች ስምምነት 18 ገለልተኛ ባለሙያዎች የመንግሥትን ሪፖርት መርምረው፣ አገሩ ሄደው አናሳዎቹን አነጋግረው አስተያየት ይጽፋሉ፤ መንግሥትም ይመልሳል። የመጨረሻው ቃል የምክር ቤቱ የሚኒስትሮች ኮሚቴ ነው፤ ጥናቱ ግን የእሱ አይደለም። እኛ ጋ በማንነት ጥያቄ ወሳኙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ይሁን። አጥኚው ግን ከወሳኙ ይለይ፣ ጥናቱ ከነመጠይቁ ይታተም፣ የማንነት ጥያቄውን ያነሱትም ከውሳኔ በፊት በጽሑፍ ይመልሱበት።

የሕግ ባለሙያዎች፣ ከጎንደር