እንቅልፍ የጣለው መርከበኛ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ባሕር አደጋዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው የእንግሊዝ ፌሪ (መንገደኞችንና መኪኖችን የምታመላልስ መርከብ) የተገለበጠችው በሯን መዝጋት የነበረበት መርከበኛ እንቅልፍ ስለጣለው እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሶ ታልፏል። የተጻፈው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለ193 ሰዎች ሞት ምክንያቱ ይህ ብቻ እንደሆነ አንባቢ ከተረዳ፣ መርከቧን የነደፉት፣ ያሰማሯትና ያስተዳደሯት ሰዎች ውሳኔ ሁሉ ከታሪኩ ወጥቶ ይቀራል። በመርከብ መሐንዲስነት የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

መርከቧ በጀርመን ብሬመርሃቨን ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1980 አገልግሎት የጀመረች ስትሆን፣ ታውንሰንድ ቶረሰን የተባለው ድርጅት ካሠራቸው ሦስት ተመሳሳይ መርከቦች አንዷ ነበረች። ሦስቱም የተነደፉት በእንግሊዙ ዶቨርና በፈረንሳዩ ካሌ መካከል ላለው አጭር መስመር ነው። በዚያ መስመር ወደብ ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ ስለሆነ፣ መኪኖች በአንዱ ጫፍ ገብተው በሌላው እንዲወጡ ከፊትም ከኋላም ሰፋፊ በሮች ተደረጉላቸው፤ ከወደብ እንደወጡ ቶሎ ፍጥነት እንዲይዙም ሦስት ኃይለኛ ሞተሮች ተገጠሙላቸው። የመኪኖቹ ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም ግድግዳ ያልከፈለው ነበር። ለሚጭነው ሰው ይህ ምቹ ነው። ውሃ ከገባ ግን የሚያግደው ነገር ስለሌለ መርከቧ ትንሽ ባዘነበለችበት ወገን ይከማቻል፤ ክብደቱም ይበልጥ ያዘነብላታል፤ ከዚያ በኋላ ለማቃናት ጊዜ የለም። የፊት በሮቿ ደግሞ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን የሚከፈቱ ነበሩና ካፒቴኑ ከመዘወሪያ ክፍሉ ሆኖ ይዘጉ አይዘጉ ማየት አይችልም ነበር።

አደጋው በደረሰበት በየካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1987) ምሽት መርከቧ የተነሳችው ከካሌ ሳይሆን ከቤልጂጉ ዚብሩጌ ወደብ ነው። እኔ የነገሩ ሁሉ መነሻ አድርጌ የምቆጥረው ይህንን ነው። የዚብሩጌ መወጣጫ ድልድይ በአንድ ጊዜ አንድ ወለል ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ የባሕሩ ከፍታ በሚጨምርበት ጊዜ ከላይኛው የመኪና ወለል ጋር አይገጥምም ነበር። ስለዚህ ከፊት ባሉት ማጠራቀሚያዎች ውሃ እየተሞላ የመርከቧ አፍንጫ ዝቅ እንዲል ይደረግ ነበር። ውሃውን መልሶ ለማስወጣት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ መርከቧ ብዙ ጊዜ እንዳቀረቀረች ትነሳለች። ዋና መሐንዲሱ ጠንካራ ፓምፕ እንዲገዛ ጠይቆ 25,000 ፓውንድ ገደማ የሚሆነው ዋጋ በዛ ተብሎ ተከልክሏል።

በዚህ ላይ የዚብሩጌው ጉዞ ረዘም ያለ ነው ተብሎ በካሌው መስመር ከሚመደቡት መኮንኖች አንዱ ተቀንሶ ነበር። ጭነቱን የሚቆጣጠረው መኮንን መርከቧ ከመነሳቷ በፊት በመዘወሪያ ክፍሉ መገኘት ስላለበት፣ በሮቹ መዘጋታቸውን በዓይኑ እስኪያይ የሚቆይበት ጊዜ አልነበረውም። በሩን የሚዘጋው የመርከበኞች አለቃ ረዳት በክፍሉ ተኝቷል። ካፒቴኑም ችግር አለ ብሎ የነገረው ስለሌለ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል ብሎ ተነሳ፤ የተለመደው አሠራር ይኸው ነበርና። ፍጥነቷ ሲጨምር ማዕበሉ በተከፈተው በር ገባ፤ በ90 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥም በጎኗ ተጋደመች። የወደቀችው በአሸዋ ቁልል ላይ ባይሆን ኖሮ ከተሳፈሩት 459 መንገደኞችና 80 ሠራተኞች የሚተርፈው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ አደጋው አስቀድሞ የተነገረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የዚህችው መርከብ እኅት «ፕራይድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» በተመሳሳይ ምክንያት፣ ማለትም የመርከበኞች አለቃው ረዳት እንቅልፍ ስለወሰደው፣ የፊትም የኋላም በሮቿ እንደተከፈቱ ከዶቨር ተነስታለች። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ከድርጅቱ ካፒቴኖች አንዱ የበሮቹን መዘጋት የሚያሳይ መብራት በመዘወሪያ ክፍሉ እንዲገጠም በጽሑፍ ጠይቋል። በየብስ የተቀመጡት ኃላፊዎች ጥያቄውን በፌዝ አልፈውታል። ከአደጋው በኋላ ግን ያው መብራት በቀሩት ሁለት እኅት መርከቦች ላይ በቀናት ውስጥ ተገጥሟል። የጥቂት ቀን ሥራ ለሁለት ዓመት ያህል ተከልክሎ ቆየ ማለት ነው።

በዳኛ ሺን የተመራው ምርመራ ተኝቶ የነበረውን ሠራተኛ፣ መኮንኑንና ካፒቴኑን ጥፋተኛ ቢልም በዚያ አላበቃም፤ ድርጅቱ ከላይ እስከ ታች በግዴለሽነት የተበከለ እንደነበር በግልጽ አስፍሯል። ያም ሆኖ በድርጅቱ ላይ የተመሠረተው በቸልተኝነት ሰው የመግደል ክስ እ.ኤ.አ. በ1990 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። እንግሊዝ ድርጅቶችን በሰው ሞት ለመክሰስ የሚያስችል የተለየ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መርከቧ ራሷ ስሟ ተቀይሮ እ.ኤ.አ. በ1988 በታይዋን ተቆራርጣለች።

መብራት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ1994 በባልቲክ ባሕር የሰመጠችው «ኤስቶኒያ» የተባለች ፌሪ አሳይታለች። የፊት መከለያዋ ተገንጥሎ ሲወድቅ በመዘወሪያ ክፍሏ የነበሩት መብራቶች ይህን አላመለከቱም፤ 852 ሰዎችም አልቀዋል። በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የጸደቀውና ለመንገደኛ መርከቦች ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የደኅንነት አስተዳደር ደንብ ግን በአብዛኛው ከዚብሩጌ የተወለደ ነው። በባሕር ዳር ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ የሚያገለግሉ ወጣቶቻችን በየዕለቱ የሚመሩበትም ይኸው ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ የመርከብ ድርጅት በየብስ ላይ አንድ ኃላፊ መሰየም አለበት፤ ይህም ሰው ከመርከቧ የሚመጣን የደኅንነት ጥያቄ ለድርጅቱ የበላይ አመራር በቀጥታ ያቀርባል። የ1985ቱ ካፒቴን ደብዳቤውን የሚልክለት እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፤ በቀጣዩ እትማችሁ ቢያንስ ይህ እንዲታከል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመርከብ መሐንዲስ የሆነ አንባቢያችሁ