ለእምዬ፣ ስለ ጉልበትሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ መንዝ

እምዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ዶክተር ሆንሽ ተብሎ ተደግሶ፣ አሁን ደግሞ ምን ትምህርት ቀረሽ?» ብለሽኝ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ በደንብ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ትምህርቱስ አልቋል። ይሄ ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ ምርምር ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ግን ኮንትራት ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። ሥራዬ ኤምአርአይ በሚባለው ማሽን ልም አጥንትንና ጅማትን አጥርቶ የማየት ጉዳይ ነው።

ደብረ ብርሃን የተነሳሽው ራጅ የሚያሳየው አጥንትሽን ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነው ልም አጥንት ራጅ ላይ አይወጣም። በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ክፍተት ሲጠብ ነው «ተበልቷል» የሚባለው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው እንደ ቆዳ ቶሎ አይጠግግም። ነርቭም የለውም፤ መጎዳት ሲጀምር ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን ይቀሰቅስና መልሱን ያደምጣል። ከገደሉ አፋፍ ስንጣራ ማዶው በማሚቶ ይመልስ የለ? እንደዚያ ነው። ልም አጥንቱ መጎዳት ሲጀምር ውሃው ይበዛል፣ ኮላጅን ከሚባለው ክር የተሠራው ድሩ ይላላል፣ ማሚቶውም ይረዝማል። ያንን ነው የምንለካው፣ ገና ሳይሳሳ። የጅማት ማሚቶ ግን በሰከንድ ጥቂት ሺህኛ ውስጥ ይጠፋል። በተለመደው አነሳስ ጅማት ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። እኔ የምደክመው ሳይጠፋ ለመቅደም ነው። ሌላም ጉድ አለው፤ ጅማቱ ከማግኔቱ አቅጣጫ 55 ዲግሪ ገደማ ካዘነበለ፣ ጤነኛው የታመመ መስሎ ይደምቃል። ስለዚህ የሰውየው እግር እንዴት እንደተቀመጠ ደጋግሜ አያለሁ። ደህና ጅማት ይዞ ተጎድተሃል የሚባል ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

እውነቱን ልንገርሽ እምዬ፣ ይሄ ሥራ ያንቺን ጉልበት አያድስም። ያለቀ ልም አጥንትን መልሶ የሚያበቅል ኪኒን እስካሁን የለም። ወደፊት ሲሞከር ግን መሥራት አለመሥራቱ የሚታየው እንዲህ ባለ ልኬት ነው። ከአገሬ የለየኝ ይሄ ነው፣ ደግሞም እወደዋለሁ።

አንቺን የምለምንሽ አለ። የበጉን ጠጉር ስትፈትዪ መሬት አትቀመጪ፣ በርጩማ ላይ ሁኚ። እዚያው እንዳለሽ እግርሽን ቀጥ አድርገሽ ትንሽ ያዥና መልሺው፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ለጉልበት ያግዛል። መራመዱን አትተዪ። ሁዳዴ ሲገባ ስለ ስግደቱ የነፍስ አባትሽን አማክሪ፣ እሳቸው መላ አያጡለትም። ካበጠና ከጋለ ግን ቁርጥማት ነው ብለሽ ቤት አትቀመጪ፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የመኪናውንም የምርመራውንም ለወንድሜ ልኬለታለሁ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ