ቴስተርህ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገርና ልገላገል። የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ስትደውል እያየሁ ያላነሳሁበት ቀንም አለ። ይቅር በለኝ። ቴስተርህም፣ ያ የኤሌትሪክ መለኪያህ፣ እስካሁን እኔ ጋ ነው። «ለሳምንት ልዋሰው» ብዬ ከወሰድኩት ስንት ዓመት እንደሆነው አትቁጠርብኝ። እሱን አለመመለሴ ሲያሳፍረኝ መደወሉም አብሮ አሳፈረኝ።

አሮጊቷ መኪናዬ አለች። አዎ፣ እሷው፣ አልሸጥኳትም። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ!» ብላ ዝም። የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ እንዳለ ነው፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ምን እንዳደረግኩ መቼም ታውቀኛለህ፦ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ጠቅ። ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን፣ ቀየርኩ። ጠቅ። «ሳትለካ አትግዛ» ያልከኝ ትዝ ያለኝ ኪሴ ከተራገፈ በኋላ ነው። ሳቅህን ቶሎ ጨርስ፣ ገና ብዙ አለ።

ቴስተርህን ከመሳቢያ አወጣሁት። ባትሪው ቆሞ 12.6 ቮልት። ባለቤቴ ቁልፉን ስታዞርልኝ 11.2። የደከመ ባትሪ ቢሆን ከ9.6 በታች ይወርድ ነበር፤ ስለዚህ ባትሪው ንጹሕ ነው። የጣልኩትም ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም፣ እሱን ተወው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብሎክ የሚሄደውን የማሳ ገመድ በኦም ለካሁት። ቴስተሩ «ጲጲጲ» አለ፣ ዜሮ፤ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስት ቀን የበላኝ ይሄ ጲጲታ ነው! ለካ ቴስተሩ የሚልካት ኤሌትሪክ ኢምንት ስለሆነች አንዲት የመዳብ ክር ብትተርፍም ትበቃታለች። ሞተሪኖው ግን 200 አምፔር ሲስብ፣ ቴስተሩ በቅጡ የማያያት 0.03 ኦም ብቻዋን 6 ቮልት ትውጣለች።

ጉዱን ያወጣው አፍንጫዬ ነው። ቁልፉን ደጋግመን ስናዞር የሞቀ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ ስነካው ያቃጥላል! ኤሌትሪኩ በማሳው መመለስ ሲያቅተው በዚያች ቀጭን ሽቦ ነበር የሚሹለከለከው። ያኔ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ባዶ ብሎኩ ላይ ደግፌ «አዙሪው» አልኳት። 6 ቮልት! ግማሽ ቮልት እንኳ መታየት በሌለበት ቦታ። በጃምፐር ገመድ ኔጌቲቩን ከብሎኩ ሳገናኘው ወዲያው ተነሳች። የድሮውን ገመድ ፈትቼ ላስቲኩን ስልጠው ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ ላዩን ብታየው ግን አዲስ ነው።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን... እንዴት ብዬ ልንገርህ... ገመዱን ከቀየርኩ በኋላም ሦስት ቀን ካቆምኳት ባትሪው ይደክማል። ቁልፉ ተነቅሎ፣ በሩ ሁሉ ተዘግቶ፣ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጌ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መሐል ሳስገባው 0.3 አምፔር ይፈሳል። ከ0.05 ማለፍ አልነበረበትም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ የሬዲዮው ሲወጣ 0.02 ላይ ቁጭ አለ። ሬዲዮውን ማን እንደገጠመው እኔም አንተም እናውቃለን።

እየወቀስኩህ አይደለም። መሽቶ ነበር፤ የእጅ ባትሪውን እያዛጋሁ የያዝኩልህም እኔ ነኝ። ብቻ እውነቱን ንገረኝ፦ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኤሌትሪክ ማግኘት ያለበትን ቀዩን ሽቦ ከቁልፉ ነው የወሰድከው ወይስ ሁልጊዜ ኤሌትሪክ ካለው ከቢጫው ጋር ጠምዝዘህ ቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርከው? ልፈታው ፈልጌ ካቻቢቴ ይዤ ተቀምጬ ነበር፣ ያን ሁሉ ጥቁር ፕላስተር ሳየው መልሼ ዘጋሁት። የትኛው ከየት እንደሚመጣ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጻፍልኝ። ወይም ደውል፣ አነሳለሁ። የቴስተሩ ባትሪ አልቆ ነበር፣ አዲስ አስገብቼለታለሁ። የቀዩ ጫፍ ፕላስቲክ ግን ትንሽ ቀልጧል፤ እሱን ስንገናኝ አስረዳሃለሁ።