ስለ 7ኛና 8ኛ ክፍል የሙዚቃ ትምህርት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሚመስለኝ ግን በጽሑፍ ልመልስ። አዝማሪነት ከባድ ሙያ ነው። ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ይዞ፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ቤቱን ሙሉ የሚያስቅ ሰው በሳምንት 40 ደቂቃ አናፈራም፤ እሱን አትስጉ።

እስካሁን ልጆቹ ሙዚቃን የተማሩት በደብተር ነው። «ክራር ስንት ክር አለው?» ሲባሉ «አምስት ወይም ስድስት» ብለው ሙሉ ማርክ ይወስዳሉ። ክራሩን ስንሰጣቸው በየት በኩል እንደሚያዝ ግራ ይገባቸዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስለዚህ አሁን መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው እንዲማሩ እያደረግን ነው።

ፒያሳ መሃል ነን፤ ግቢያችን ጠባብ፣ በጀታችንም እንደዚያው። ያሉን ሁለት ክራሮች ሲሆኑ አንድ ክፍል ውስጥ 50 ገደማ ልጅ አለ። ክራሩን ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት መቃኘት ብቻ ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል። ስለዚህ አንዱን በትዝታ፣ ሌላውን በባቲ ቃኝተን አስቀምጠናል። (መቃኛውን የነካ ወዮለት!) ሌሎቹን ሁለት ቅኝቶች፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ለጊዜው በድምፃቸው ያዜማሉ።

ዋሽንት ግን ለሁሉም ይደርሳል። ሸምበቆ ስላላገኘን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ እንቆርጣለን። አራቱን ቀዳዳ መምህሩ በድሪል ይበሳል፤ ልጆቹ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ። የመጀመሪያዋ ጭራሽ ድምፅ አልነበራትም፣ ሦስተኛዋ ግን ዘፈነች። አፍ የሚነካው ነገር ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይይዛል፤ መዋዋስ የለም። ለከበሮ ቢጫ ጀሪካን ይበቃናል።

ኪቦርድ ግዙ አልልም። እንዲያውም አትግዙ፤ የሌላቸው ልጆች አንገታቸውን ይደፋሉ። አሮጌ ጀሪካንና ከግንባታ የተረፈ ቱቦ ካላችሁ ላኩልን። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት አባት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካለ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ብቅ ይበልልን። አበል የለንም፤ ሻይ አለን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዋሽንቱ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት። እባካችሁ ቻሉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዳይነፋ አድርጉ፤ ጎረቤት ቢቆጣ በእኔ አሳብቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ